የሚያውቁት ቃል

ሠዓሊው በጠዋት የደወለው ስለ ከብት ሊጠይቅ ነበር።

«ይቅርታ፣ እንዳልረበሽኩሽ። የሽፋኑን ሥዕል ዛሬ አስረክባለሁ፤ አንድ ነገር ግን ሆዴ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ። እነዚህ ሰዎች ድሆች ናቸው አይደል?»

«የጀልባ ሠሪው ቤተሰብ? የነጡ ድሆች ናቸዋ!»

«ታዲያ አባትሽ በተረጎመው ክፍል በቀን ሦስቴ ሥጋ ይበላሉ። ጠዋት ሥጋ፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ ሥጋ። ከየት አመጡት? ከብት ያረባሉ እንዳልል መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ጥጃ እንኳ የለችም። ከጀልባው ኋላ ሁለት ላም ጣል ላድርግ ወይስ ይቅር?»

ተርጓሚዋ ሳቀች። ላሞቹ ይቅሩ፣ አጣርቼ እደውልልሃለሁ አለችውና ስልኩን ዘጋች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላትም። ከነጋ ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ሻይ አፍልታ ሳትጠጣው ቀዝቅዟል። የታጠበ ሰሃን መልሳ አጥባለች። ጫማዋን አድርጋ አውልቃ፣ እንደገና አድርጋለች። ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉን ማተም የሚጀምረው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። መጽሐፍ ሲታተምላት የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ከአባቷ ጋር አንድ ሽፋን ላይ ስሟ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው። የመጨረሻዋም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ፈልግ» ይሉት ነበር። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀውን ሁሉ «ፈልግ!» እያለ ወደ መዝገበ ቃላት ስለሚሰድ ነው። ልጁንም አልማራትም። ገና አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች «ዶግ» የሚል ቃል አጋጥሟት «ይሄንንስ አውቀዋለሁ፣ ውሻ ነው» ብትለው «ፈልጊ» አላት። እያለቀሰች ፈለገች። ውሻ ነው። «አየህ!» አለችው። እሱም «አሁን ነው ያወቅሽው» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ጎበዝ የሚል ቃል ከዚያ ሰውዬ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ቢወጣም እሷ አልሰማችውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ወጥቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል አንድ የጥንት እንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። አንዲት ሴት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለ ጀልባ ሠሪ አባቷ የጻፈችው ነው። መጽሐፉን ከመሃል ከፈለውና የመጀመሪያውን ግማሽ ለራሱ ወሰደ፤ ሁለተኛውን ለልጁ ሰጣት። ሕጉንም አብሮ ሰጣት። አንዱ የሌላውን ግማሽ፣ መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ አያይም። «እየተያዩ ከተጻፈ፣ የማናችንም ያልሆነ ቋንቋ ነው የሚወጣው» ነው ነገሩ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ «የምታውቂውን ቃል አትፈልጊ፣ ጊዜ መግደል ነው» የሚል ነበር። ይህን ሲላት ጋሽ ፈልግ ዛሬ ምን ነካው ብላ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። ደስ ነው ያላት።

ሥራው አልቆ ለማተሚያ ቤት ሊሰጥ ሲል የአባቷ ዓይን ከዳው። ሐኪሙ ነገር አልሸፋፈነም፤ ብርሃኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፣ ሊያዩት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ አይበሉ አለ። መጽሐፉ በትልልቅ ፊደል እንዲታተም የተደረገው ለዚህ ነው። ሌላው አንባቢ «ለሕፃናት ነው እንዴ?» ይበል ግድ የላትም። አባቷ የመጨረሻ መጽሐፉን በገዛ ዓይኑ ያንብብ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ብላ ነበር። ዛሬ ካልታተመ ደግሞ ማሽኑ ለተማሪዎች መጽሐፍ ተይዟል፤ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ስለሆነ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አይገባም።

ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው የሥጋውን ነገር ልታጣራ የተቀመጠችው። እንግሊዝኛውን ገለጠች። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ሕጉን ለአንዲት መስመር ብቻ ጥሳ ያየችው የአባቷ ትርጉምም ልክ እሷ ብትሆን እንደምትተረጉመው ነው፦ «በቀን ሦስቴ ሥጋ እንበላ ነበር፤ አባቴም በገበታ ላይ ማንበቤን አልፈቀደም።» በስልኳ «ሚት» ብላ ጻፈች። ሥጋ አላት። ይህንንማ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል ዓይኗ የኮምፒውተሯ ስክሪን ላይ አረፈ፣ ከዚያም ወደ ታች ወረደ። ስክሪኑ ከፍ እንዲልላት ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ጥራዞች አስገብታ ነበር። የአባቷ ትልቁ መዝገበ ቃላት ነው፣ እያንዳንዱ ቃል በየዘመኑ ምን ማለት እንደነበር የሚናገረው፣ ፊደሉ ቁንጫ የሚያክለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በድንገት ተሸክሞ አመጣና «ለሥራሽ» ብሎ ሰጣት። አብሮት የሚኖረው የማጉያ መስታወት ግን አልነበረም። ረስቶት ይሆናል ብላ አለፈችው። ስጦታው ልቧን ነክቶት ነበር፤ ነገር ግን ስልክ እያለ ያንን ድንጋይ ማን ያገላብጣል? አንገቷን ሲያማት ስክሪኑን አስቀመጠችበት፣ በዚያው ቀረ።

የመጀመሪያውን ጥራዝ ስባ አወጣች። ስክሪኑ ዝቅ ብሎ ደረቷን ማየት ጀመረ። ፊደሉን ማንበብ ስላልቻለች ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሳችና አሰፋችው። «ሚት» አለ መዝገቡ፤ ምግብ፣ ማንኛውም የሚበላ ነገር፣ በዚህ ትርጉሙ ዛሬ የቀረ።

አሁን ከልቧ ሳቀች። ድሆቹ ሥጋ በዓይናቸውም አላዩም! ዳቦም ይሁን ሾርባ ያገኙትን በቀን ሦስቴ መብላታቸው ነው። ለማተሚያ ቤቱ ደውላ አንዲት ቃል ታስለውጣለች፣ ሠዓሊውን ላሞቹ አያስፈልጉም ትለዋለች፣ አለቀ። እጇ ግን ጥራዙን አልዘጋም። እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሌት» የምትል ትንሽ ቃል አለች። ፈቀደ ማለት ናት። በዓለም ላይ እሷን የሚፈልግ ተርጓሚ የለም። እሷም የፈለገቻት ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው፣ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ።

በዚያ ዘመን ይህችው ቃል፣ ፊደሏ አንድም ሳይነካ፣ ከለከለ ማለትም ነበረች።

ተርጓሚዋ ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አየችው። አባቴም በገበታ ላይ ማንበቤን አልከለከለም። ተነሣች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። የጀልባ ሠሪው ልጅ እየበላች ታነባለች፣ አባቷም ዝም ብሎ ያያታል። ምናልባት ደስ ብሎት ያያታል። የእነሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አባት ግን ከድሃ ልጅ እጅ መጽሐፍ የሚነጥቅ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕግ የሚባል ነገር አልታያትም። የማረሚያውን ቅጂ ከፍታ በአባቷ ግማሽ ውስጥ ገባች። አንድ እጇ እንግሊዝኛው ላይ፣ አንዱ መዝገቡ ላይ ነው። ሁለተኛውንም ጥራዝ አወጣችና ስክሪኑ ጭራሽ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። መጽሐፉ የሚጀምረው «አባቴ ሐዘንተኛ ሰው ነበር» በሚል ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ሳድ» ነው፣ ይህንንም የማያውቅ የለም። በጥንቱ ግን የረጋ፣ የማይናወጥ፣ የሚታመኑበት ሰው ማለት ነበር። አባትየው ልጆቹን «ቂሎቼ» እያለ ይጠራቸዋል፤ በጥንቱ «ምስኪኖቼ» ማለቱ ነበር። ልጅቱ ወንዝ ገብታ ውሃ ሲወስዳት «አባዬ!» ብላ ትጮኻለች። አባቷ «ቆይቶ መጣ» ይላል ትርጉሙ። ሠዓሊው ይህንን ቢያስተውል ኖሮ በላሞቹ ፋንታ ይህንን ይጠይቅ ነበር፤ ምን ዓይነት አባት ነው ልጁ ውሃ ሲወስዳት ቆይቶ የሚመጣው? «ፕረዘንትሊ» የሚለውን ቃል ከመዝገቡ ፈለገች። ወዲያው፣ በዚያው ቅጽበት። ሰውየው ከነልብሱ ዘሎ ገብቷል።

ቃላቱ ከነልብሳቸው እዚያው ቆመዋል፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ሰው ገብቶበታል። የማያውቁትን ቃል ሁሉም ይፈልጋል። የሚያውቁትን ግን ማን ይፈልጋል? ተርጓሚን የሚጥለው የሚያውቀው ቃል ነው፤ ያላወቀው ቃል ቢያንስ ያስጠነቅቀዋል።

የአባቷ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተቆጥታ ታልፈው ነበር። የራሷን ግማሽ ስትከፍት ግን ያች ቃል እዚያም ጠበቀቻት። ጀልባ ሠሪው ሊሞት ሲል ልጁን ይጣራል። ትርጉሙ «ቆይታ መጣች» ይላል። ይህን የጻፈችው እሷ ናት፤ ስትጽፈውም በደንብ ትዝ ይላታል። በልቧ «እሰይ፣ ደግ አደረገች» ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ገጽ ሙሉ ስታለቅስ ግራ ገብቷት፣ ይህንን ሁሉ ለቅሶ ለዚህ ሰውዬ ምን አመጣው ብላ፣ መቅድሙ ላይ «ጨካኝ አባቷን ይቅር ያለች ልጅ» የምትል ሐረግ አስገብታለች። ይቅር የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲህ በዘመናት ርቀት አንድን ደግ ሰው ከነልጁ አፈር ድሜ አበሉት፣ እሷና አባቷ፣ ተባብረው።

ሕትመቱን ልታስቆመው ነው? ካስቆመችው አባቷ መጽሐፉን መቼም በዓይኑ አያየውም። ካላስቆመችው ያየዋል፣ ይደሰታል፤ ያየውም ውሸት ይሆናል። ማን ይነግረዋል? ማንም። የጥንት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ገዝቶ አያነብም። ጀልባ ሠሪውም ተነሥቶ አይከስም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብትል የሚጎዳ ሰው የለም። ይህን ለራሷ እየደጋገመች ልብሷን ለበሰች፣ ቁልፏን ፈለገች፣ እጇ ላይ አገኘችው፣ ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ገብታ መቀመጥ ስላቃታት ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወርዳ በእግሯ ሄደች። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ጥላ ሻጩ ጥላዎቹን ዘርግቷል፣ መካኒኮቹ ከመኪና ሥር ይነጋገራሉ፣ ሁሉም ነገር እንደወትሮው ነው፣ ይህም ብሽቅ አደረጋት። የምትሄደው ለማስቆም አይደለም ብላ ወስናለች። አባቷ የመጀመሪያውን ወረቀት አምጪልኝ ብሏታልና ያን ልትቀበል ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

የማተሚያ ቤቱን ኃላፊ «ሻለቃ» ነው የሚሉት። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ከማሽን ጩኸት በላይ መጮህ ስለለመደ በለሆሳስ ሰላም ሲል እንኳ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«የኔ እመቤት! በሰዓትሽ ደረስሽ» ብሎ ጮኸ። «ቀለሙን እያስተካከልን ነው። አባትሽ ትናንት ደውሎ ‹ቀለሙን አጥቁርልኝ› ብሎ እንዴት እንደለመነኝ! ከሰል አስመስዬዋለሁ በይው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻለቃ።»

«ምነው ፊትሽ? አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። አንድ ወረቀት ብቻ ይስጡኝና እሄዳለሁ።»

ማሽኑ ተነሣ። መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሰፋፊዎቹ ወረቀቶች አንዱ በአንዱ ላይ መውደቅ ጀመሩ፣ እያንዳንዳቸው ብዙ ገጽ ተሸክመዋል። ሻለቃ አንዱን ከላይ አነሣና በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አድርጎ ሰጣት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። አንደኛው ገጽ በትልልቅ፣ በደማቅ፣ ከሰል በመሰለ ፊደል፦ አባቴ ሐዘንተኛ ሰው ነበር።

ትልቅ ፊደል ውሸትን ያተልቀዋል እንጂ አይሸፍነውም። አፏ እሷን ሳያማክር ተከፈተ።

«አቁሙት!»

«ምን?»

«አቁሙት ነው የምልዎት!»

ሻለቃ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ እያጉረመረመ ሲቆም ሠራተኞቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«ማነው አቁሙ ያለው?»

«አባቴ» አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ትናንት ቀለም አጥቁር ያለው ሰውዬ?»

«አዎ። ስህተት ተገኝቶበታል።»

«ስሚኝ እመቤቴ» አለ ሻለቃ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ይህንን ካወረድኩ የተማሪዎቹ መጽሐፍ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ተራ የምታገኙት እኔ እንጃ፣ ወራት ነው። የአባትሽን ዓይን ነገር እኔም ሰምቻለሁ። ይህንን አውቆ ነው አቁሙ ያለው?»

«አውቆ ነው።»

«በይ እንግዲህ» አለና ፊቱን አዞረ። «አውርዱ!»

ወረቀቱን ጠቅልላ ወጣች። በመንገድ ላይ እግሯ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይጎተታል። ምን ብላ ትጀምራለች? ተሳስተሃል ብላ? ያንን ሰው? ያውም ዛሬ? ደግሞስ በስሙ ዋሽታበታለች። የወላጆቿ ቤት በር ላይ ደረሰች።

የከፈተችላት እናቷ ናት።

«መጣሽ? ተመስገን። አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሙሽራ እንደሚጠብቅ ነው። ቁጭ በል ብለው አይቀመጥ፣ ብላ ብለው አይበላ። ምነው አንቺስ? ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ።»

«እኔ ነኝ የወለድኩሽ እኮ» አለች እናቷ፣ ነገር ግን አሳለፈቻት።

አባቷ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በሚበረታበት ቦታ ቆሟል። ድምፅ ሲሰማ ፊቱን አዞረና እሷ ከቆመችበት ትንሽ ራቅ አድርጎ ተመለከተ።

«አመጣሽው?»

ሰጠችው። ወረቀቱን መጀመሪያ አሸተተው። ከዚያ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ወደ ጎን አዘነበለው፣ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ያዘው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አባቴ … ሐዘንተኛ … ሰው ነበር» ብሎ አነበበ። «ይነበባል! አንቺ፣ ይነበባል እኮ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። ተርጓሚዋ አባቷ እንዲህ ሲስቅ መቼ እንዳየች ማስታወስ አቃታት። እዚያው ላይ ልታለቅስ ደረሰች።

«አባባ» አለች፤ «ስህተት ነው።»

«ምኑ?»

«ሐዘንተኛ አልነበረም። የረጋ ሰው ነው የነበረው። ‹ሳድ› በዚያ ዘመን ሌላ ነው። ‹ሌት›ም ሌላ ነው። ሥጋ አልበሉም። ማንበቧን አልከለከላትም። ውሃ ሲወስዳት ወዲያው ነው የመጣው፣ ቆይቶ አይደለም። ሁሉም ተገልብጧል።»

«የኔን ግማሽ አነበብሽ?»

«አነበብኩ። ማሽኑንም አስቁሜዋለሁ። አባቴ ነው ያለው ብዬ።»

የአባቷ እጅ ወረቀቱን ለቀቀው። ወረቀቱ መሬት ላይ አረፈ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታርሚው?» ሲል ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፁ ነበር። «ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን ቋንቋ! ‹ሳድ› ማለት ምን እንደሆነ አንቺ ልትነግሪኝ? በስሜስ ማን አዘዘሽ?»

«ታዲያ ዝም ልበል? ‹ፈልጊ› እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ? ‹ዶግ›ን አስፈልገኸኝ አልቅሼ! በስተርጅና ‹የምታውቂውን አትፈልጊ› አልከኝ፣ አመንኩህ። እኔም ስቼዋለሁ አባባ፣ የኔም ግማሽ ተበላሽቷል። ግን ያን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። ለምን?»

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። የመለሰችው እናቷ ናት፣ ከበሩ ላይ።

«ንገራት።»

«ዝም በይ አንቺ።»

«አልልም። ስንት ዘመን ዝም አልኩልህ።» እናቷ ወደ ጓዳ ገብታ የመርፌና የክር ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች፤ ከክሮቹ መሃል ክብ የማጉያ መስታወት አውጥታ ለልጇ አስጨበጠቻት። «መዝገቡን ሲሰጥሽ ይህንን ለምን ያስቀረ ይመስልሻል? በዚህ እየሞከረ ነበር። በየጠዋቱ አንድ ገጽ ገልጦ በመስታወቱ ይሞክራል፣ ይሳደባል፣ ይዘጋዋል። አንድ ቀን መስታወቱን ወረወረውና መጽሐፉን ተሸክሞ ወዳንቺ ወጣ።»

ተርጓሚዋ መስታወቱን በእጇ አገላበጠችው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል።

«ሐኪሙ ገና ሳያውቅ እኔ አውቄ ነበር» አለ አባቷ ፊቱን ሳያዞር። «መጀመሪያ የጠፋኝ የዚያ መጽሐፍ ፊደል ነው። ሌላው ሁሉ እየታየኝ እሱ ጠፋ። ታዲያ ምን ላድርግ? በማውቀው ሠራሁ።»

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም? ቤቴ እኮ መንገድ ማዶ ማለት ነው።»

«ምን ብዬ?» አለ። «ምን ብዬ ነው የምጠይቅሽ? ‹ሳድ› ማለት ምንድነው ብዬ? ‹ዶግ› ማለት ምንድነው፣ ልጄ፣ ፈልጊልኝ ብዬ?»

ተርጓሚዋ ብዙ የምትለው ነበራት። በመጨረሻ የወጣው ጨርሶ ያላሰበችው ነው።

«እኔም ኮምፒውተር አስቀመጥኩበት።»

«ምን ላይ?»

«መዝገበ ቃላቱ ላይ። ስክሪኑ ከፍ እንዲልልኝ። ከሰጠኸኝ ቀን ወዲህ እስከ ዛሬ ጠዋት አልገለጥኩትም።»

አባቷ ዞሮ በምትገኝበት በኩል ተመለከታት። ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች።

«ሁለቱንም ጥራዝ?»

«ሁለቱንም።»

«አንገትሽን ተሻለሽ ታዲያ?»

እናቷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ እሱ፣ ከዚያ እሷ፤ እሷ ግን እንባዋም አብሮ መጣ፣ ልታቆመው አልቻለችም። ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ከነጋ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጧ ነው።

«አባባ፣ ሻለቃ ወራት ይፈጃል ብሎኛል። ሲታተም …»

«አላየውም።»

«አታየውም።»

«አየሁት እኮ» አለና በእግሩ መሬት ላይ ያለውን ወረቀት ፈለገ። «ያማረ ነበር። ቀለሙም ጠቁሯል። ሻለቃ ቃሉን ጠብቋል።» ጎንበስ ብሎ አነሣው። «ሰውየው ከነልብሱ ነው የገባው አልሽኝ?»

«ወዲያው ዘሎ።»

«እኔ ደግሞ ወንዙ ዳር አቆምኩት» አለ አባቷ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስተረጉመው ገርሞኝ ነበር። ይህ ሰው አባት አይደለም ብዬ ነበር። አባት እንዴት እንደሚሮጥ እያወቅሁ፣ ቃሉን አመንኩ።»

ተርጓሚዋ ከዚያ በኋላ አልቆየችም። ቤቷ ሄዳ ሁለቱን ጥራዞች በሁለት ፌስታል ሸክፋ፣ እጇ እየተቆረጠ፣ ገና በፀሐይ ተመለሰች። እናቷ ጠረጴዛውን አጽድታ ጠበቀቻት። አባቷ የተተኮሰውን ሸሚዝ እጅጌ ጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ክፍል ሊገባ እንደተዘጋጀ አስተማሪ።

«ከየት እንጀምር?» አለችው።

«የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ።»

በእንግሊዝኛው አነበበችለት። አባቴ ሳድ ሰው ነበር፣ ነው የሚለው። መስታወቱን አነሣችና «ሳድ» ያለበትን ሁለተኛውን ጥራዝ ልትገልጥ ስትል እጁን ዘርግቶ በዳበሳ እጇን ያዘው።

«የት ትሄጃለሽ?»

«‹ሳድ› ላይ።»

«ከሱ በፊት ያለውን ዘለልሽ።»

«ምኑን? ‹ፋዘር›ን?» ብላ ሳቀች። «ኧረ አባባ! እሱንስ አውቀዋለሁ።»

«እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር» አለ አባቷ። «ፈልጊ።»

ተርጓሚዋ ሁለተኛውን ጥራዝ ዘጋች። የመጀመሪያውን ስባ ገለጠች፣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች፣ የተሰነጠቀውን መስታወት ቁንጫ በሚያክሉት ፊደላት ላይ አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለት ጀመር።